የቡድሃ እምነት ምን ያስተምራል? ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ጥናት



በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የሚኖሩ አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኛ ቀርበው አንድ ጥያቄ አቀረቡልን። ልጃቸው ቤይሩት ውስጥ በቤት ሠራተኛነት ከተቀጠረች ዓመታት አልፈዋል። በዚያው ሕንፃ ከስሪ ላንካ የመጣች ሌላ ሠራተኛ አለች። ልጃቸው ታማ በተኛች ጊዜ ይህች ሴት ሥራዋን ጨርሳ ሌሊት ሌሊት እየመጣች ሾርባ አፍልታ አጠጥታታለች፤ ልብሷን አጥባላታለች፤ ከገዛ ደመወዟም ቀንሳ መድኃኒት ገዝታላታለች። ይህችው ሴት ግን ማለዳ ማለዳ በአንዲት ትንሽ የቡድሃ ሐውልት ፊት አበባ ታስቀምጣለች፤ መብራትም ታበራለች። እናቲቱ «አባቶቼ፤ ይህች ሴት ጣዖት አምላኪ ናት? ልጄ ትራቃት ወይስ እኅቴ ትበላት? እኔስ በጸሎቴ ስሟን ባነሣ ኃጢአት ይሆንብኛል?» ሲሉ ጠየቁን።

በቡራዩ ደግሞ አንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ከተማሪዎቹ አንዱ «ቡድሃም ክርስቶስም ያስተማሩት አንድ ነው፤ ልዩነቱ የስም ብቻ ነው» ባለው ጊዜ የሚመልሰው ቃል እንዳጣ አጫውቶናል። አንዱ ጥያቄ ባልንጀራን ያለ በደሉ ከመኰነን ፍርሃት፣ ሌላው ልዩነትን ሁሉ ከማጥፋት ፍላጎት የመነጨ ነው። ሁለቱም የሚመለሱት ግን የቡድሃ ተከታዮች ራሳቸው የሚያምኑትን በትክክል ስናውቅ ነው። ስለዚህ በዚህ ዕትም የዚህን እምነት መሠረታዊ ትምህርቶች በአጭሩ ለማቅረብ ወደድን።

1. ነገሩ ከእኛ የራቀ ነውን?

ብዙዎቻችን የቡድሃ እምነት የሩቅ ምሥራቅ ጉዳይ ነው ብለን እናስብ ይሆናል። ነገር ግን በየዓመቱ ብዙ ልጆቻችን ወደ ሊባኖስና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲሄዱ ከእስያ ከመጡ ሠራተኞች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር መሥመር መነሻው ሰበታ ሲሆን፣ በግንባታው ወቅት ወጣቶቻችን ከቻይናውያን ባለሙያዎች ጋር ጎን ለጎን ሠርተዋል። በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክም የስሪ ላንካ ኩባንያዎች የልብስ ፋብሪካ ከፍተው ነበር። ከእስያ የመጣ ሁሉ የቡድሃ ተከታይ እንዳልሆነ ግን መዘንጋት የለብንም፤ በስሪ ላንካም በቻይናም ካቶሊካውያን ወንድሞችና እኅቶች አሉን።

ከዚህም በላይ የቡድሃ ሕይወት ታሪክ ሳናውቀው ወደ አገራችን ከገባ አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል። ከሱሉልታ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚወስደውን መንገድ የተከተለ ሰው ወደ ጥንታዊው የደብረ ሊባኖስ ገዳም ይደርሳል። በ16ኛው ምእት ዓመት የዚህ ገዳም እጨጌ ከነበሩት መካከል አባ ዕንባቆም ይገኛሉ። እኚህ አባት ትውልዳቸው ከየመን ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ክርስትናን ተቀበሉ፤ መንኵሰውም ታላቅ ሊቅ ሆኑ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1553፣ «በረላም ወይዋስፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ።

መጽሐፉ የሚተርከው እንዲህ ነው። በሕንድ አገር ክርስቲያኖችን የሚያሳድድ አንድ ንጉሥ ነበረ። ልጅ በተወለደለት ጊዜ ይህ ልጅ ክርስቲያን እንደሚሆን ትንቢት ተነገረው። ንጉሡም ልጁ የዚህን ዓለም መከራ እንዳያይ በተዋበ ቤተ መንግሥት ዘግቶ አሳደገው። ይዋስፍ ግን አንድ ቀን ወጥቶ በሽተኛን፣ ዕውርንና በዕድሜ የጎበጠ ሽማግሌን አየ፤ ሰው ሁሉ ሟች መሆኑንም ተረዳ፤ ልቡም ታወከ። በዚያን ጊዜ በረላም የተባለ መነኵሴ ዕንቍ ነጋዴ መስሎ ገብቶ ወንጌልን አስተማረው። ይዋስፍ በመጨረሻ ዙፋኑን ትቶ ወደ በረሃ ገባ።

በ19ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ሊቃውንት ይህን ታሪክ ከእስያ መጻሕፍት ጋር ሲያነጻጽሩ መነሻው የቡድሃ ገድል መሆኑን አረጋገጡ። ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ከመንቃቱ በፊት ቡድሃ «ቦዲሳትቫ» ይባል ነበር። ይህ ስም በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ሆነ። በዐረብኛ ጽሕፈት «በ» እና «የ» በቃል መጀመሪያ የሚለዩት በነጥብ ብቻ ስለሆነ «ዩዳሳፍ» ተብሎ ተነበበ። ታሪኩ በጆርጂያ ቋንቋ ክርስቲያናዊ መልክ ይዞ ወደ ጽርእ፣ ከዚያም ወደ ላቲንና ወደ ክርስቲያኖች ዐረብኛ ተሻገረ፤ በመጨረሻም በግዕዝ «ይዋስፍ» ሆነ። በምዕራቡም ቤተ ክርስቲያን ለረጅም ዘመን የበረላምና የይዋስፍ ስም በሮማ የሰማዕታት መዝገብ እ.ኤ.አ. ኅዳር 27 ቀን ይታሰብ ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን? አባቶቻችን የቡድሃን ትምህርት አልተቀበሉም፤ ታሪኩ ወደ እነርሱ የደረሰው በክርስቶስ ወንጌል ተሞልቶ ነው። ሆኖም ሞትን አይቶ የተጨነቀውን፣ ሀብትን ንቆ እውነትን የፈለገውን የዚያን ልዑል ልብ እንደ ራሳቸው ልብ አወቁት። ይህ ፍለጋ የሰው ሁሉ ፍለጋ ነውና።

2. ቡድሃ ማን ነው?

«ቡድሃ» የማዕረግ ስም ሲሆን ትርጉሙ «የነቃ» ማለት ነው። የሰውየው ስም ሲዳርታ፣ የቤተ ሰቡም ስም ጎታማ ነው። የኖረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ምእት ዓመት ገደማ ሲሆን፣ የተወለደው ዛሬ በኔፓል ግዛት ባለችው በሉምቢኒ ነው። አባቱ የሻክያ ጎሣ አለቃ ነበረ። እናቱ ማያ በተወለደ በሰባተኛው ቀን እንደ ሞተች ትውፊቱ ይናገራል።

በትውፊቱ መሠረት ሲዳርታ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ አራት ነገሮችን አየ፤ እነርሱም ሽማግሌ፣ በሽተኛ፣ አስከሬንና ሁሉን ትቶ በሰላም የሚኖር መናኝ ናቸው። በ29 ዓመቱ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ መነነ። ስድስት ዓመት ያህል ሥጋውን በብርቱ ጾም ሲያስጨንቅ ቆየ፤ አካሉ ከመድከሙ በቀር ያገኘው አልነበረም። ስለዚህ በምቾትና ራስን በማሠቃየት መካከል ያለውን «መካከለኛ መንገድ» መረጠ። በ35 ዓመቱ በሰሜን ሕንድ ቡድ ጋያ በተባለው ስፍራ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲያስተነትን እንደ ነቃ ተከታዮቹ ያምናሉ። የመጀመሪያ ትምህርቱን በቫራናሲ አጠገብ በምትገኘው በሳርናት ለአምስት መናንያን ሰጠ። ከዚያም 45 ዓመት እየዞረ አስተምሮ በ80 ዓመቱ በኩሺናጋር አረፈ።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶችን እናርም። አንደኛ፣ ቡድሃ ራሱን አምላክ ነኝ አላለም፤ መንገድ ጠቋሚ መምህር ሆኖ ቀረበ እንጂ። ሁለተኛ፣ በየሱቁ የምናየው ሆዱ የገዘፈ ሳቂታ ምስል የሲዳርታ ምስል አይደለም፤ በቻይና ትውፊት ቡዳይ የተባለ ከብዙ ዘመን በኋላ የኖረ መነኵሴ ምስል ነው።

3. አራቱ እውነቶች

የቡድሃ ትምህርት ሁሉ በአራት እውነቶች ላይ ይቆማል። አቀራረቡ ሐኪም በሽታን እንደሚመረምር ነው፤ ይኸውም በሽታውን ያውቃል፣ መንሥኤውን ያገኛል፣ ሊድን እንደሚችል ይናገራል፣ መድኃኒቱንም ያዝዛል።

የመጀመሪያው እውነት ሕይወት በሥቃይ የተሞላ መሆኑ ነው። በፓሊ ቋንቋ «ዱክሃ» ይባላል። ቃሉ ሕመምንና ኀዘንን ብቻ ሳይሆን ምንም ነገር ፈጽሞ የማያረካ መሆኑንም ያመለክታል። ደስታም ቢሆን ያልፋልና በውስጡ ጭንቀትን ያዘለ ነው።

ሁለተኛው የሥቃይ መንሥኤ ምኞት መሆኑ ነው። ሰው የሚያልፈውን እንደማያልፍ አድርጎ ሙጭጭ ብሎ ይይዘዋል፤ ሲነጠቅም ይሠቃያል። ከምኞት ጋር ስስት፣ ጥላቻና አለማወቅ የክፋት ሥሮች ተብለው ይቈጠራሉ።

ሦስተኛው ሥቃይ ሊቆም የሚችል መሆኑ ነው፤ ምኞት ከጠፋ ሥቃይም ይጠፋል።

አራተኛው ወደዚህ የሚያደርስ መንገድ መኖሩ ነው፤ ይህም ስምንት ክፍል ያለው መንገድ ይባላል።

የቡድሃ ተከታዮች ለልጆቻቸው የሚነግሩት አንድ ታሪክ ይህን ትምህርት በሚገባ ያስረዳል። ኪሳ ጎታሚ የተባለች ሴት አንድ ልጇ ሞተባት። አስከሬኑን ታቅፋ መድኃኒት እየለመነች ወደ ቡድሃ መጣች። እርሱም ሞት ካልገባበት ቤት ጥቂት የሰናፍጭ ፍሬ ለምነሽ አምጪ አላት። ሴቲቱ ከደጅ ወደ ደጅ ዞረች። ሰናፍጭ በየቤቱ ነበረ፤ ለቅሶ ያልገባበት ቤት ግን አላገኘችም። በዚያን ጊዜ ኀዘኗ የእርሷ ብቻ አለመሆኑን ተረድታ ልጇን ቀበረች፤ ተከታዩም ሆነች።

ለቅሶ ደርሰን ከኀዘንተኛ ጋር የምንቀመጥ እኛ ኢትዮጵያውያን የዚህን ታሪክ ጥበብ አንስተውም። ይሁን እንጂ ክርስቲያን ጥያቄውን በዚህ አያቆምም። ጌታችን በናይን ከተማ በር የመበለቲቱን ልጅ ሬሳ ባገኘ ጊዜ አዘነላት፤ ልጇንም አስነሥቶ ሰጣት። በአንዱ ታሪክ እናት ሞትን መቀበልን ትማራለች፤ በሌላው ሞት ራሱ ይሸነፋል። የሁለቱን ትምህርቶች መቀራረብና መራራቅ በአንድነት የሚያሳየን ይህ ነው።

4. ስምንቱ መንገድና አምስቱ ትእዛዛት

ስምንቱ የመንገዱ ክፍሎች እነዚህ ናቸው፦ ቀና አመለካከት፣ ቀና አሳብ፣ ቀና ንግግር፣ ቀና ተግባር፣ ቀና መተዳደሪያ፣ ቀና ጥረት፣ ቀና ንቃተ ልቡናና ቀና ተመስጦ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥበብን፣ የሚቀጥሉት ሦስቱ ግብረ ገብን፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የልቡና ሥልጠናን ይመለከታሉ።

«ቀና መተዳደሪያ» ሲባል ሌላውን በሚጎዳ ሥራ እንጀራን አለመብላት ማለት ነው። በጥንቱ ትምህርት አንድ ምእመን በጦር መሣሪያ፣ በሰው፣ በሥጋ፣ በሚያሰክር ነገርና በመርዝ መነገድ የለበትም። «ንቃተ ልቡና» ሲባል ደግሞ ሰው የሚተነፍሰውን፣ የሚራመደውን፣ የሚያስበውንና የሚሰማውን ነገር በማስተዋል መከታተል ነው።

በዓለም የሚኖሩ ምእመናን አምስት ትእዛዛትን ይጠብቃሉ፦ ሕይወት ያለውን አለመግደል፣ ያልተሰጣቸውን አለመውሰድ፣ ከዝሙት መራቅ፣ አለመዋሸትና አእምሮን ከሚያሰክር ነገር መታቀብ። መነኮሳትና መነኮሳይያት ከዚህ የበለጠ ሥርዐት አላቸው፤ በድንግልና ይኖራሉ፤ ምግባቸውንም ከምእመናን ምጽዋት ያገኛሉ።

አንድ ሰው የቡድሃ ተከታይ የሚሆነው «በሦስቱ ዕንቍዎች» ሲማፀን ነው። እነርሱም መምህሩ ቡድሃ፣ ትምህርቱ ዳርማና የመነኮሳት ማኅበር የሆነው ሳንጋ ናቸው። ያች የስሪ ላንካ ሴት በምስሉ ፊት አበባ ስታስቀምጥ በእምነቷ አስተምህሮ መሠረት ለመምህሩ አክብሮቷን ትገልጣለች፤ ከሰዓታት በኋላ የሚጠወልገው አበባም የሕይወትን ኀላፊነት እንዲያስታውሳት ነው። በሕዝብ ልማድ ግን ከምስሉ በረከትንና ጥበቃን የሚለምኑም እንዳሉ አይካድም።

5. ካርማ፣ ዳግም መወለድና ኒርቫና

የቡድሃ ተከታዮች ሕይወት በሞት አያበቃም፤ ፍጡር ከሕይወት ወደ ሕይወት እየተመላለሰ ይወለዳል ብለው ያምናሉ። የሚወለድበትን ሁኔታ የሚወስነው «ካርማ» ነው፤ ይኸውም ሰው ዐውቆ የሠራው በጎም ሆነ ክፉ ሥራ የሚያፈራው ፍሬ ነው። ፍርዱን የሚሰጥ ዳኛ የለም፤ የተዘራ ዘር በራሱ እንደሚበቅል ሁሉ ሥራም በራሱ ፍሬ ያፈራል ይላሉ።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ አስቸጋሪ ትምህርት አለ። በቡድሃ ትምህርት የማይለወጥ ነፍስ ወይም «እኔነት» የለም። ጋሪ ማለት መንኰራኵሩ ብቻ ወይም ወለሉ ብቻ ወይም ቀንበሩ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሁሉም ሲገጣጠሙ «ጋሪ» እንደሚባል፣ ሰውም የአካል፣ የስሜት፣ የግንዛቤ፣ የፈቃድና የንቃት ስብስብ ነው ይላሉ። ታዲያ ነፍስ ከሌለ ዳግም የሚወለደው ምንድን ነው? መልሳቸው በምሳሌ ነው፦ ከአንዱ ጧፍ ሌላው ሲለኰስ ነበልባሉ ያው አይደለም፤ ፈጽሞ ሌላም አይደለም።

የመንገዱ ፍጻሜ «ኒርቫና» ነው። ቃሉ እንደ መብራት መጥፋትን ያመለክታል። የሚጠፋው የስስት፣ የጥላቻና የአለማወቅ እሳት ሲሆን፣ በዚህም የመወለድና የመሞት ዙሪያ ጥምጥም ያበቃል። ተከታዮቹ ኒርቫና በቃል የማይገለጥ ሰላም ነው እንጂ ባዶ ጥፋት አይደለም ይላሉ።

ስለ ፈጣሪስ? ቡድሃ ስለ ዓለም አፈጣጠርና ዘላለማዊነት ሲጠየቅ መልስ ከመስጠት ይቆጠብ ነበር። በመርዘኛ ፍላጻ የተወጋ ሰው ፍላጻውን ሳያስነቅል የወርዋሪውን ስምና ዘር ልወቅ ቢል መልሱን ሳያገኝ ይሞታል ሲል ምሳሌ ሰጠ። በመጻሕፍታቸው ብዙ «አማልክት» ይጠቀሳሉ፤ ነገር ግን እነርሱም በመወለድና በመሞት ሥር ያሉ ፍጡራን ናቸው። ሁሉን የፈጠረ፣ ሰውን በስሙ የሚጠራ አንድ አምላክ በዚህ ትምህርት ስፍራ የለውም።

6. የእምነቱ ቅርንጫፎች

የቡድሃ ትምህርት በ3ኛው ምእት ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በሕንዱ ንጉሥ አሾካ ድጋፍ በሰፊው ተሰራጨ። ዛሬ ታላላቆቹ ቅርንጫፎች ሦስት ናቸው። «ቴራቫዳ»፣ ማለትም የሽማግሌዎች ትምህርት፣ በስሪ ላንካ፣ በማይንማር፣ በታይላንድ፣ በካምቦዲያና በላኦስ ይገኛል፤ ጥንታዊውን የፓሊ ቋንቋ መጽሐፍ «ሦስቱ ቅርጫቶች» ብለው ይጠሩታል። «ማሃያና»፣ ማለትም ታላቁ ሠረገላ፣ በቻይና፣ በኮሪያ፣ በጃፓንና በቬትናም የተስፋፋ ነው፤ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለፍጥረት ሁሉ መዳን የሚደክመውን ቦዲሳትቫ ያከብራል። በዚህ ቅርንጫፍ ውስጥ አሚታባ በተባለው ቡድሃ ርኅራኄ በመታመን መዳንን የሚጠብቁ ብዙዎች አሉ። ሦስተኛው «ቫጅራያና» በቲቤት፣ በቡታንና በሞንጎልያ የሚገኝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበሉት 14ኛው ዳላይ ላማ የሚታወቁበት ነው።

በቴራቫዳ አገሮች የቡድሃ ልደት፣ መንቃትና ዕረፍት በአንድነት የሚከበሩበት ታላቅ በዓል «ቬሳክ» ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ በግንቦት ወር ሙሉ ጨረቃ ላይ ይውላል።

7. ቤተ ክርስቲያናችን ምን ታስተምራለች?

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1965 ባወጣው «ኖስትራ ኤታቴ» በተባለው ሰነድ ስለ ቡድሃ እምነት በስም ተናግሯል። እምነቱ ይህ ተለዋዋጭ ዓለም በራሱ የማይበቃ መሆኑን እንደሚገነዘብ፣ ሰዎችም በራሳቸው ጥረት ወይም ከላይ በሚገኝ ርዳታ ነፃነትን ወይም ብርሃንን እንዲያገኙ መንገድ እንደሚያሳይ ይመሰክራል። በሌሎች ሃይማኖቶች ያለውን እውነተኛና ቅዱስ ነገር ቤተ ክርስቲያን አትንቅም። በዚያው አንቀጽ ግን መንገድ፣ እውነትና ሕይወት የሆነውን ክርስቶስን ሳታቋርጥ መስበክ ግዴታዋ መሆኑን ትገልጣለች። ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች በአንድ አንቀጽ መገኘታቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ አንዱን ይዞ ሌላውን የሚጥል ትምህርቱን ያጎድላል።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1972 የታይላንድን የቡድሃ መነኮሳት የበላይ አባት በቫቲካን ተቀብለዋል። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በጥቅምት 27 ቀን 1986 በአሲዚ ባደረጉት የሰላም ጸሎት ቀን የቡድሃ መሪዎች ተገኝተዋል። ከ1995 ወዲህም ከቫቲካን በየዓመቱ ለቬሳክ በዓል የመልካም ምኞት መልእክት ይላካል።

መንገዱ ሁልጊዜ የተመቸ አልነበረም። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመው መጽሐፋቸው የቡድሃ እምነት ስለ ዓለም ያለው አመለካከት በአብዛኛው አሉታዊ መሆኑን በመጻፋቸው በስሪ ላንካ ቅሬታ ተነሣ። በጥር 1995 ወደዚያ በተጓዙ ጊዜ ዋና ዋናዎቹ መነኮሳት በተዘጋጀው የሃይማኖቶች ስብሰባ አልተገኙም። ቅዱስነታቸው ግን በዚያው ጉብኝት ለቡድሃ ተከታዮች ያላቸውን ከፍ ያለ አክብሮት በአደባባይ ገለጡ። ስለ ሌላው እምነት የምንናገረው ቃል ምን ያህል ሊመዘን እንደሚገባው ከዚህ እንረዳለን።

8. የሚያቀራርበንና የሚለየን

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ «ሁሉም አንድ ነው» ለሚላችሁ ተማሪ የሚከተለውን አስረዱት።

የሚያቀራርቡን ነገሮች አሉ። ስስት ሰውን ባሪያ እንደሚያደርግ፣ የዚህ ዓለም ክብር እንደሚያልፍ፣ ርኅራኄ፣ ጾምና ጸጥታ ልብን እንደሚያነጹ እኛም እናስተምራለን። የገዳሞቻችን አባቶች ይህን በሕይወታቸው አሳይተውናል።

የሚለዩን ግን የእምነታችን መሠረቶች ናቸው። አንደኛ፣ እኛ ዓለምን በፍቅር የፈጠረ አባት እንዳለን እናምናለን፤ ፍጥረት በመሠረቱ መልካም ነው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ሰው በእግዚአብሔር አርኣያ የተፈጠረ፣ በስሙ የሚታወቅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚኖር ነው፤ ተስፋችንም ዳግም መወለድ በሌላ ሥጋ ሳይሆን ትንሣኤ ሙታን ነው። ሦስተኛ፣ መዳን በራስ ጥረት የሚገኝ ሳይሆን በጸጋ የሚሰጥ ነው። አራተኛ፣ ምኞትን ሁሉ ማጥፋት አይደለም ዓላማችን፤ ምኞታችን ተቀድሶ ወደ እግዚአብሔር እንዲመለስ ነው። አምስተኛ፣ ቡድሃ ከሥቃይ መውጫ መንገድ ጠቆመ፤ ክርስቶስ ግን ራሱ ወደ ሥቃያችን ገብቶ በመስቀል ላይ ተሸከመው።

ስለ ካርማም አንድ ማሳሰቢያ አለን። ሰው ሲታመም ወይም ልጁ አካሉ ተጎድቶ ሲወለድ «የእጁን አገኘ» የምንል እኛም አለን። ይህ የክርስቶስ ትምህርት አይደለም። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ በጠየቁት ጊዜ ጌታ የእርሱም የወላጆቹም አይደለም ብሎ መለሰላቸው። ስለዚህ በሌላው እምነት የማንቀበለውን አሳብ በገዛ ቤታችን እንዳናኖር እንጠንቀቅ።

ስለ ተመስጦ የሚጠይቁ ወጣቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከቫቲካን ስለ ክርስቲያናዊ ጸሎት የወጣው ደብዳቤ በምሥራቃውያን ዘንድ ያሉ የጸጥታ ልማዶች ለጸሎት መዘጋጃ ሊረዱ እንደሚችሉ ይቀበላል። ሆኖም ጸሎት ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገር እንጂ የአካል ዕረፍት ብቻ አለመሆኑን፣ ደስ የሚያሰኝ የሰውነት ስሜትም ከመንፈስ ቅዱስ መጽናናት ጋር መምታታት እንደሌለበት ያስጠነቅቃል።

9. ለእናቲቱ የሰጠነው መልስ

አሁን ወደ ኮዬ ፈጬዋ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። እንዲህ ስንል መለስንላቸው፦

«እናታችን ሆይ፤ ልጅዎ በምስሉ ፊት አበባ አታስቀምጥ፤ በአምልኮውም አትተባበር፤ እምነቷ ሌላ ነውና። ያችን ሴት ግን ጣዖት አምላኪ ብላ አትስደባት። በልቧ ያለውን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ በባልንጀራችን ላይ በሐሰት እንዳንመሰክርም ታዘናል። ወንበዴዎች የደበደቡትን ሰው ያነሣው ካህኑ ወይም ሌዋዊው ሳይሆን ሳምራዊው እንደ ነበረ ያስታውሱ። ልጅዎ እኅቴ ትበላት፤ ብትታመምም ታስታማት፤ ስለ እምነቷ ስትጠይቃትም ሳታፍር ስለ ክርስቶስ ትንገራት። በጸሎትዎ ስሟን ቢያነሡ ኃጢአት የለበትም፤ ቢተዉት ግን ውለታ መርሳት ይሆናል።»

ለዚህ መልሳችን ምስክር የሚሆን ቅዱስ አለን። በ17ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ በስሪ ላንካ ካቶሊካውያን በሆላንዳውያን ገዥዎች ሲሳደዱ፣ ከሕንድ የመጣው ካህን ዮሴፍ ቫዝ በድብቅ ያገለግላቸው ነበር። በካንዲ የነበረው የቡድሃ እምነት ተከታይ ንጉሥ በመጀመሪያ ሰላይ ነው ብሎ አሰረው፤ በኋላ ግን ቅንነቱን አይቶ ጥበቃ ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1697 ፈንጣጣ በከተማዪቱ በገባ ጊዜ ብዙዎች ሲሸሹ ዮሴፍ ቫዝ ሃይማኖት ሳይለይ በሽተኞችን አጠበ፤ መገበ፤ ሙታንንም ቀበረ። ክርስቲያኖች ሌሎች ክርስቲያኖችን ባሳደዱበት ዘመን የካቶሊካዊውን ካህን ሕይወት የጠበቀው የቡድሃ ተከታይ ነበር፤ ካህኑም ውለታውን በፍቅር መለሰ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2015 በኮሎምቦ ከቅዱሳን መካከል ቈጠሩት።

እናቲቱም መልሳችንን ሰምተው ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያም የዚያችን ሴት ስም በወረቀት ጽፈው ለቅዳሴ መታሰቢያ ሰጡን።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

ሀ. አራቱን እውነቶች በራሳችሁ አነጋገር ግለጡ። ክርስቲያን ከየትኛው ጋር በከፊል ይስማማል? ለምን?
ለ. የኪሳ ጎታሚን ታሪክ ከናይን መበለት ታሪክ (ሉቃስ ምዕራፍ 7) ጋር አነጻጽሩ። ለኀዘንተኛ የምንለው ቃል ምን መሆን አለበት?
ሐ. «የእጁን አገኘ» የሚለውን አባባል በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ብርሃን መርምሩ።
መ. በቁምስናችሁ ልጆቻቸው በውጭ አገር ከሌላ እምነት ሰዎች ጋር የሚኖሩ ቤተ ሰቦች አሉን? እንዴት ልትረዷቸው ትችላላችሁ?

ይዋስፍ በቤተ መንግሥቱ ተዘግቶ ሳለ እውነትን የፈለገበትን ልብ ለእኛም ለጎረቤቶቻችንም እግዚአብሔር ያድለን። አሜን።